እግር ያወጣ ተልባ

«አክስትዬ፣ እንዴት አደርሽ? የዛሬዋ ፀሐይ እንዴት ደስ ትላለች! ዕቃ ለማናፈስ... እንዲያው ምን የመሰለ ቀን! እስኪ ቀረብ በይ፣ አንድ ጉድ ላሳይሽ።»

የእህቷ ልጅ አጉሊ መነጽር ይዛ ሶፋው ሥር ተንበርክካለች። ድምፅዋን ግን ወደ ኮሪደሩ ነው የለቀቀችው፤ እዚያ የአክስቷ ዋርሳ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ጫማውን ይወለውላል። ሶፋውን «ሰው እኮ ወርቅ ይጥላል!» እያለ ከጎረቤት ደጅ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። ነገ የአክስቷ ልጅ አዲሶቹ አማቶች ሲመጡ የሚቀመጡትም እዚሁ ላይ ነው።

«ይቺን ስፌቱ ውስጥ የተሸጎጠች ጠፍጣፋ ቀይ ዳማ አየሻት? በረሮ እንዳትዪ፣ በረሮ ገና ስታዪው ይሮጣል። ቁንጫ ብትሆን ይሄኔ አፍንጫሽ ላይ ዘላ ነበር! ምስጥ ደግሞ ጠቡ ከእንጨት ጋር እንጂ ከሰው ምን አለው? ጥቋቁሮቹ ነጠብጣቦችስ? የራቷ ትራፊ ናቸዋ! ራቷ ደግሞ... እስኪ ክንድሽን እዪው።

አንዳንድ አዋቂ ሰው ግን ‹ተልባ ነው፣ ተራግፎ ነው› አለ አሉ። አልተሳሳተም እኮ! ቁርጥ ተልባ... እግር አወጣ እንጂ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ... ሶፋ!

ደግነቱስ? ካመጣው ጀምሮ አንድ ቀን ቁጭ ብሎበታል? ምቾቱን ለእኛ ትቶ፣ እሱ ‹ለወገቤ ደረቅ ነገር ነው የሚስማማኝ› እያለ በርጩማ ላይ... እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ሶፋው ይውጣ ሲሉትም እምቢ ማለቱ ለእኛው ብሎ ነው። ሞኝና ትኋን የያዘውን አይለቅም... ወይስ ወረቀት ነበር?

ነገ ደግሞ የሙሽሪት እናት በነጭ ቀሚሷ እዚህ ደልደል ስትል... አስቢው እስኪ! እስከዛሬ የምንዛመደው በጋብቻ ነበር፤ ከነገ ወዲያ የደም ዘመድ መሆናችን አይደል?»

አክስቷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ኮሪደሩ ላይ ብሩሹ ቀጥ አለ። ዋርሳዋ በካልሲው ገባና ማንንም ሳያይ የሶፋውን ክንድ ይዞ ወደ ደጅ ይጎትት ጀመር። ልጅቷ ብድግ ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

«አየሽልኝ አክስትዬ፣ ሳይለምኑት! እግዜር የእጁን ይስጠው። ለዚህ ቤት ያመጣውን በረከት ሁሉ እጥፍ ድርብ አድርጎ በገዛ አልጋው፣ በገዛ ትራሱ ሥር ይመልስለት... አሜን በዪ እንጂ!»