ክዳኑ የላላ ስልክ

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ተጣጣፊ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ከፍተው ይዘዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

"አባባ፣ ለምን አይከድኑትም?"

"ከከደንኩት መስመሩ ይቋረጣል።" እሳቸውም በሹክሹክታ ነው የመለሱት።

"ማንም አያወራም እኮ።"

"ልጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። 'ሰዎች መጡብኝ፣ ተደብቄያለሁ፣ እንዳትዘጋው' አለኝና ዝም አለ።"

"በዚህ አሮጌ ስልክ?"

"የሱዳኑን ሲም ኔትወርክ እዚህ ድረስ የሚይዝልኝ እሱ ብቻ ነው። የነጋዴ ስልክ ነው እኮ፤ ሰሊጥ ስነግድ ለገዢዎቼ ኢሜይል የምጽፍበት ነበር። ባትሪውም ቶሎ አያልቅም። ክፋቱ ማጠፊያው ላልቷል፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ልከደን ይላል።"

"ቢቋረጥ መልሰው ይደውሉለታል።"

"ስደውል እዚያ ይጮሃላ! በድምፁ ያገኙታል።"

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ሹፌሩ ዞረች። "ወንድሜ፣ ቀስ በልልን እንጂ!"

"ተይ እታለም፣ አትጩሂ! የኛም ድምፅ በልጄ ስልክ ይሰማል" አሏት ሽማግሌው በሹክሹክታ።

መውረጃዬ ኮኪት ነበር፤ "ወራጅ አለ" ሳልል አለፍኩት።