ወደ ግራ ዞር ብለው ይመልከቱ

(በአንድ የክፍለ ሀገር ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጎን ባለች ጠባብ የማረፊያ ክፍል፤ አንጋፋው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ልሳነወርቅ እና ሃያ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ቆመው የሠሩት ነርስ ሲስተር እቴነሽ ከቀኑ ሥራ ወጥተው ቁጭ ብለዋል።)

ዶክተር፦ የኦፕራሲዮኑ ቪዲዮ አይቆረጥም አልኩሽ እኮ ሲስተር! ታካሚው ፈቅዷል፣ እኔ ፈርሜያለሁ፤ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ቪዲዮውን ተማሪዎቹ ነገ ጠዋት ያዩታል።

ሲስተር፦ እኔም አልፈርምም አልኩ። ያቺ አራት ደቂቃ ትውጣና እፈርማለሁ።

ዶክተር፦ ኧረ በናትሽ አታድክሚኝ! እግሬ እንደ ግንድ ሆኗል። ሦስት ኦፕራሲዮን ቆሜ ነው የዋልኩት።

ሲስተር፦ እኔስ ተቀምጬ ነው የዋልኩት?

ዶክተር፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ስሚኝ፤ ለስሜ ተጨንቀሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ይታይ ያልኩት እኔው ነኝ። አንጀቱ ተጠማዞበት የመጣውን ሰውዬ ስሰፋ፣ ደም የምንጠርግበትን አንድ ጎዝ ሆዱ ውስጥ ረሳሁ፤ ስፌቱን ፈትቼ አወጣሁት። ሰውየውም ድኖ ሐሙስ ቤቱ ገባ። ልጆቹ ይዩት፤ ከስህተቴ ይማራሉ።

ሲስተር፦ ለእርስዎ ስም ብዬ አይደለም።

ዶክተር፦ ታዲያ ለማን?

ሲስተር፦ ለራሴ።

ዶክተር፦ ለራስሽ? “አንድ ጎድሏል” ብለሽ ያዳንሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?

ሲስተር፦ ለመሆኑ ቪዲዮውን አይተውታል?

ዶክተር፦ ያንን ቪዲዮ ማያ መነጽር ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ፣ ሁለት ጊዜ! ጉድ እኮ ነው። እዚያው ክፍሉ ውስጥ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ጎንበስ ስል ቁስሉ ከአፍንጫዬ ሥር፣ እጆቼ ከፊቴ።

ሲስተር፦ ሌላስ ምን አዩ?

ዶክተር፦ ሌላ ምን አለ? እጄን አየሁ።

ሲስተር፦ እኮ! ዙሪያውን የሚያይ ካሜራ አስተክለው፣ እጅዎን ብቻ! ተማሪ እንደ እርስዎ አይደለም ዶክተር፤ ሰልቸት ሲለው ይዞራል፣ ጣሪያውንም ያያል። መነጽሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ያድርጉትና፣ መስፋት ሲጀምሩ ወደ ግራ ዞር ብለው ይመልከቱ።

ዶክተር፦ አሁን? ዓይኔ እየተከደነ?

ሲስተር፦ የኔም እየተከደነ ነው። ግን ይዩት።

ዶክተር፦ እሺ... ይኸው አደረግኩት። መስፋት ጀምሬያለሁ። ወደ ግራ... አዎ፣ አየሁሽ። ጎዞቹን እየቆጠርሽ ነው። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል።

ሲስተር፦ ይቀጥሉ።

ዶክተር፦ እንደገና ቆጠርሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። እጅሽን አነሳሽ... መልሰሽ አወረድሽው። ምነው? እኔ እየሰፋሁ ነው... አንቺ ዝም ብለሽ ቆመሻል። ሲስተር፣ አውቀሽ ነበር እንዴ?

ሲስተር፦ በመጀመሪያው ቆጠራ ጠረጠርኩ፤ በሁለተኛው አወቅሁ።

ዶክተር፦ አራት ደቂቃ ሙሉ? የሰው ሆድ ስዘጋ እያየሽ?

ሲስተር፦ እያየሁ። እንቅልፍ የነሳኝ እኮ እሱ ነው።

ዶክተር፦ አንድ ቃል እኮ ነው የሚበቃው! ምን ያዘሽ?

ሲስተር፦ በጥር ወር፣ ያቺን ልጅ እግር ሴትዮ ሲሰፉ፣ “ዶክተር ቆይ፣ አንድ ይጎድላል” ብዬዎት ነበር። ጎዙ ወለሉ ላይ ወድቆ ተገኘ። ያን ጊዜ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?

ዶክተር፦ ምን አልኩ?

ሲስተር፦ በሰው ሁሉ ፊት፣ “መቁጠር ካቃተሽ ቤትሽ ገብተሽ የልጅ ልጅ እቀፊ” አሉኝ።

ዶክተር፦ እኔ? እኔ እንዲህ አልኩሽ? አላስታውስም።

ሲስተር፦ እርስዎማ ምን ብለው ያስታውሳሉ። የተባልኩት እኔ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ካልቆጠርኩ አፌ አይከፈትም።

ዶክተር፦ ...በቃ። ይቆረጥ። አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።

ሲስተር፦ አሁን ይቆረጥ? ልጆቹ ይማሩበት ሲሉ አልነበር?

ዶክተር፦ ያኔ ስህተቱ የእጄ መስሎኝ ነበራ።

ሲስተር፦ እጅዎ ሲስት ይታይ፣ አፍዎ ሲስት ይደበቅ?

ዶክተር፦ አንቺ አይደለሽ እንዴ ካልተቆረጠ ያልሽው? ምን ላድርግልሽ?

ሲስተር፦ እኔማ አፍሬ ነው። ጡረታዬ ሰባት ወር ነው የቀረው፤ “ይቺ አሮጊት አውቃ ዝም አለች” ተብዬ እንዳልሸኝ ነው። ግን ደግሞ... እነዚህ ልጆች ነገ ቢላዋ ሲይዙ፣ ከጎናቸው የምትቆም ነርስ አለች። እሷም እንደኔ እጇን አንስታ ትመልስ ይሆናል።

ዶክተር፦ እንግዲህ አንቺ ወስኚ። እኔ ከዚህ በኋላ አፍ የለኝም።

ሲስተር፦ ቢታይስ፣ ልጆቹ “ሲስተር ለምን ዝም አለች?” ብለው ይጠይቃሉ። አንገቴን ደፍቼ ምን ልመልስ?

ዶክተር፦ አንቺ አትመልሺም። ነገ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ሲስተር፦ ምን ብለው?

ዶክተር፦ “ፈርታኝ ነው” ብዬ።