እማዬ ብቻዋን የወጣች ቀን

— ሄሎ? … አቤት፣ ፈለቀ ነኝ። … እማዬ! ደህና ነሽ? … ቆይ፣ ደጅ ያለው ባጃጅ ይለፍ፣ አልሰማሁሽም። … እ፣ አሁን ይሰማል። ቶሮንቶ እንዴት ነው?

— ምን? ወደ ቦንጋ ልመለስ ነው የምትይው? … ልጅሽ አብርሆት ልትወልድ ደርሳ? ልታርሺያት አይደል እንዴ የሄድሽው?

— ቁልፉን ወሰደችብሽ? … ረጋ ብለሽ ንገሪኝ። ወሰንየለሽ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሽልኝ እስቲ፣ እማዬ ናት። … እሺ፣ ብቻሽን ባቡር ተሳፈርሽ። … አስፋልት ላይ የሚሄደውን። … ከዚያስ? … ቻይናዎቹ ሰፈር ወረድሽ። እዚያ ምን አለሽ? … አትክልቱ እንደኛ ገበያ ደጅ ላይ ተዘርግቶ አይተሽ።

— ጎደሬ? አትቀልጂ! … እውነተኛውን ጎደሬ? … በስመአብ!

— ሴትዮዋ በምን ቋንቋ አናገረችሽ? … እሷ በቻይንኛ፣ አንቺ በካፊኖኖ! … አቀቃቀሉን በእጅሽ አሳየሻት። … ወንበርም ሰጠችሽ።

— ሲመሽ ነው እንግዲህ መመለሻው የጠፋሽ። … ፖሊስ? … ፖሊስ ሲደርስ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጎደሬ ትልጫለሽ!

— እሺ፣ አልስቅም። … አብርሆት ሰው ፊት ጮኸችብሽ። … ያማል፣ አውቃለሁ። … እንደ ሕፃን ተቆለፈብኝ አትበይ። … እማዬ፣ አታልቅሺ። አጠገብሽ አለች? ስልኩን ስጫት።

— አብርሆት፣ እንደምን ነሽ? … አልቆጣሽም፣ ስሚኝ። … የት የት ፈለግሻት? … ሆስፒታል ሁሉ ደወልሽ። በዚያ ሆድሽ፣ በዚያ ብርድ። … ሞታለች ብለሽ … እሺ እህቴ። … እሺ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።

— ሄሎ? … አለሁ፣ አለሁ። ይኼን ለሷ ነግረሻታል? … ንገሪያታ! እሷ የሰማችው ጩኸቱን ብቻ ነው።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቻይናዎቹ ሰፈር ያስፈራል? … አታውቂውም? … ስድስት ዓመት ኖረሽ አንድ ቀን ረግጠሽው አታውቂም? … ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን። … አይ፣ አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን ያው ነበርኩ።

— ዛሬ እረፍት ነሽ? … በቃ አብረሻት ሂጂ። … እሷ ትምራሽ! መሄዱን ታውቅበታለች፣ መመለሱ ነው የጠፋት።

— ምን አለች? … የሕንዶቹም ሰፈር አለ? በባቡሩ መስኮት አይታ? … ኧረ ይቺ ሴትዮ!

— እማዬ፣ አንቺ ነሽ? ትኬቱን ላስቀይረው ወይስ ይቆይ? … ይቆይ። … አዎ፣ ልጁ በሰላም ይወለድ። … ካፖርት ልበሺ። … እሷንም አልብሻት።

— ሄሎ? … እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ? … ወሰንየለሽ፣ ነይማ ስሚ። ስልኩን ሳይዘጉት ተነሱ እኮ። … አብርሆት ጎንበስ ማለት አቅቷት እማዬ ጫማዋን እያሰረችላት ነው … “እግርሽ አብጧል” ትላታለች። … እየሳቁ ነው። … ይኸው፣ በሩ ተዘጋ።

— ሄዱ። … እኔ ልዝጋው በቃ።