ወይዘሮ ሳህሊቱ ቦልቴና የእድሩ መዝገብ

ለቀስተኞች ሆይ፣ ጥቂት ጆሯችሁን አውሱኝ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ከአባታቸው ከአቶ ቦልቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባላይነሽ፣ ከሸክላ ሠሪዎች ቤት፣ በ1957 ዓ.ም. ዱቦ ላይ ተወለዱ። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አቶ ወልደመስቀልን አግብተው፣ ሶዶ ገብተው፣ ጭቃ እያቦኩ አራት ልጆች አሳደጉ።

መንግሥት ተለውጦ በየስብሰባው ሁሉም እኩል ነው ሲባል፣ ሸክላ ሠሪን የሚመዘግብ እድር ግን አልነበረም። አባታቸው በ1985 ሲያርፉ አምስት ሰው ብቻ ነው የቀበራቸው። ሳህሊቱ ያን ቀን ሠፈራቸውን እድር ሳያስገቡ ላያርፉ ማሉ።

በ2003 የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሶዶ ሲከፈት በበጎ ፈቃድ ተናጋሪ ሆኑ። ምን ልበላችሁ፣ ረቡዕ ረቡዕ በወላይትኛ ሲያወጉ ገበያው ጭጭ ይል ነበር! ሦስት ዓመት ሰምተዋቸው፣ የዚህ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሰብስቤ፣ መልካቸውን ሳያዩ፣ የማን ልጅ እንደሆኑም ሳይጠይቁ፣ ለዓመታዊው ግብዣ ጠሯቸው። በወጋችን የክብር እንግዳ ደግሞ ከሊቀመንበሩ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ከአንድ ቅል ይጠጣል።

ሲደርሱ በረኛው በገበያ ያውቃቸዋልና «እንስራ የምታመጪ ከሆነ በጓሮ ዙሪ» አላቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በዚያው በረቡዕ የሬዲዮ ሰላምታቸው፣ «ውድ አድማጮቻችን፣ ሳሮ!» ቢሉ ግቢው ክው አለ።

አቶ ሰብስቤ ቅሉን እንደያዙ ቀሩ። ሳህሊቱም «ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ከጠጡ ሠፈሬን በሙሉ ይመዝግቡ፤ ካልሆነ ይቅርብኝ» አሉ። ሽማግሌው ዙሪያውን አይተው፣ ሳቅ አሉና «ሦስት ዓመት ጆሮዬን ወስደሽ፣ ዛሬ ጉንጬን ልከለክልሽ? ነይ እንጂ!» ብለው ጠጡ።

በሳምንቱ አርባ አንድ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ተመዘገበ። ሁለት አባላት ተቆጥተው ወጥተው ነበር፤ በዓመቱ ተመለሱ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጠዋል። ሳህሊቱ ነገሩን ሳይሸሽጉ በሬዲዮ ቢያወጉት፣ ከቤሌም ከቢጠናም እድሮች «እኛም እንመዝግብ፣ እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ መልእክተኛ ላኩ።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ድንኳኑ ጠቧችሁ ፀሐይ ላይ የቆማችሁትን እናንተን፣ የእድር ወንድምና እህቶቻቸውን፣ ትተዋል። የማሉትን ፈጽመው ሄደዋልና፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጉልበታቸውን ያውርሰን። አሜን።