ማኅተም ካላየሁ አልወጣም

(በታች በር ሰፈር እድር ቤት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ ጋሪ ነጂው ጥጋቡ አንገቱ ላይ ካርድ አንጠልጥሎ፣ የሰፈሩ ሰው የፈረመበትን ማመልከቻ ይዞ፣ የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ አምባቸውን «ማኅተም ይምቱልኝ» እያለ ይወተውታል።)

ጥጋቡ፦ ይኸው ማልኩ ጋሼ! ከምነግርዎ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ውሸት ብትገኝ ፈረሴ በቁሙ አህያ ይሁን። ሴትዮዋ መንገዳችን ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ አልወጣም ብላለች!

አምባቸው፦ ባለፈው ሳምንትም ፈረሴ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ይጸልያል ብለህ ምለህ ነበር።

ጥጋቡ፦ ይጸልያል እኮ! ባይጸልይ እስከ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?

አምባቸው፦ ፈረሱን ተወው። ይልቅ አንገትህ ላይ ያንጠለጠልከውን አንብብልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ።

ጥጋቡ፦ «ጥጋቡ ዳምጤ፣ የማኅበረሰብ አንቂ።»

አምባቸው፦ ጠጋ በል እስቲ። አ... ና... ቂ። አንተ! አናቂ ነው እኮ የሚለው!

ጥጋቡ፦ ጸሐፊው «ን»ን «ና» አድርጎብኝ ነው። «ና» ደግሞ ሰው መጥሪያ ናት፤ ለሥራዬ ትስማማለች ብዬ ተውኳት። ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማረ ሰው ከአንድ ፊደል ጋር አይጣላም።

አምባቸው፦ ሰው የምታነቃው አንተ ከሆንክ ለአውራ ዶሮ ምን ተረፈው? ለመሆኑ ማን ሾመህ?

ጥጋቡ፦ አውራ ዶሮውን ማን ሾመው?

አምባቸው፦ ዶሮው እንኳ ጮኾ ሲጨርስ ጭሮ ይበላል። እናንተ ግን ጮኻችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ እልም! ሥራችሁ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥጋቡ፦ የኔ ስልክ እንኳን ፎቶ ልታነሣ ሲደወልላትም አትነሣም። ጅቡ ደግሞ መቼ ሄደ? ከታኅሣሥ ጀምሮ መንገዳችን ላይ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል! ቱቦ እንቀብራለን ብለው ቆፈሩ፤ ቱቦውም እነሱም የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ነገ ክረምት ገብቶ ጉድጓዱን ውሃ ሲሞላው ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን መንገዱን ከጉድጓዱ በምን ይለየዋል?

አምባቸው፦ የቆፈረው ይድፈነው።

ጥጋቡ፦ እንዲደፍነው እኮ ነው የምንጽፍለት! ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ፈርሟል። ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰበሰባል፤ ዛሬ ካመለጠን ስለ መንገድ የሚያወሩት መስከረም ላይ ነው። ያለ እድር ማኅተም ደግሞ ወረቀቱን ከበር ነው የሚመልሱት።

አምባቸው፦ ስማ ጥጋቡ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ለእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ቦታ ስጡን ብለን ለምነን ለምነን፣ አሁን ገና ሊሰጡን ጫፍ ደርሰዋል። ዛሬ ሄጄ ጉድጓድ ጉድጓድ ብልባቸው ቦታውን ሰጡኝ?

ጥጋቡ፦ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ጋሼ።

አምባቸው፦ ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ፤ እኔ ያማረኝ የድንኳን ማስቀመጫ ነው።

ጥጋቡ፦ ማስቀመጫ ምን ያደርግልዎታል? ጉድጓዱ እንዲህ ከከረመ ድንኳኑ መች ሊታጠፍ! እንደተተከለ መክረሙ ነው።

አምባቸው፦ አፍህ ይቆረጥ! ሟርተኛ! ለማንኛውም ማኅተሙ ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ባለቤቴ ዘርፌ መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። እሷ ደግሞ በጠዋት ገበያ እንደወጣች አልተመለሰችም፤ ይኸው ምሳዬም ቀርቷል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ጥጋቡ፦ ቁልፉ ቢኖር ይመቱልኝ ነበር?

አምባቸው፦ ቁልፉ ቢኖርማ... ቁልፉ የለም አልኩህ አይደል እንዴ!

ጥጋቡ፦ እሺ፣ እንግዲያው እትዬ ዘርፌ እስኪመጡ የሴትዮዋን ነገር ልጨርስልዎ። የማዶ ሰፈር ሰው ናት። ዘጠኝ እንቁላል በቅርጫት ይዘው ከገበያ ሲመለሱ...

አምባቸው፦ ማነው ደግሞ «ሲመለሱ»?

ጥጋቡ፦ ስትመለስ። ድንች የጫኑ አህዮች መጡባት። ገለል ስትል፣ ገደል! መቼም ጉድጓዱን ቆሻሻ መጣያ ማድረጋችን ጠቀማት፤ የአንዱ ጎረቤት አሮጌ ፍራሽ ላይ ነው እንደ እመቤት ዘፍ ያለችው። እሷ ጭረት አልነካትም። ከዘጠኙ እንቁላል አንዱም አልተሰነጠቀም!

አምባቸው፦ ነቃሁብህ! እንቁላሉ ላይ ነቃሁብህ!

ጥጋቡ፦ እሰይ፣ ነቁልኝ! አንቂነቴን አሁን አመኑ?

አምባቸው፦ ቀጥል አንተ ቀጣፊ።

ጥጋቡ፦ ሮጠን መሰላል አወረድንላቸው።

አምባቸው፦ አሁንም አንቱ! ምን ብትሰጥህ ነው?

ጥጋቡ፦ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የማይጮህ ሰው ይከበራል ጋሼ። እና መሰላሉ ላይ ሁለት እርከን ወጣችና ቆመች። «ያ ማመልከቻ ምን ደረሰ?» አለች። «ሁሉ ሞልቷል፣ የእድር ማኅተም ብቻ ነው የቀረው» አልናት። «እንግዲያው ማኅተም ካላየሁ አልወጣም» ብላ ተመልሳ ወረደች። ይኼ ሳያንስ መሰላሉን ወደ ውስጥ ጎትታ ከጎኗ አጋደመችው!

አምባቸው፦ ሃ ሃ ሃ! መሰላሉን?

ጥጋቡ፦ መሰላሉን! «ያለዚያ ጎትታችሁ ታወጡኛላችሁ፤ አውቃችኋለሁ» አለች።

አምባቸው፦ ቆይ ግን፣ የማዶ ሰፈር ሴት የኛ እድር ማኅተም ምን አገባት?

ጥጋቡ፦ ጉድጓዱ ሲውጣት የየትኛው እድር አባል ነሽ ብሎ አልጠየቃትም።

አምባቸው፦ እ... እሱስ ልክ ነህ።

ጥጋቡ፦ አሁን ሰፈሩ በሞላ ጉድጓዱን ከቦ ቆሟል። ጥላ አወረድንላት፣ ቆሎ አወረድንላት። እዚያው ተቀምጣ በአጥር የተጣሉትን ሁለት ጎረቤታሞች አስታረቀቻቸው። ስድስት ሽማግሌ ላይ ሆኖ ያቃተውን እሷ ታች ሆና ጨረሰችው! ደግሞ «እኔ ነገር ውስጥ አልገባም» ብለው ፊርማ የከለከሉኝ አሥራ አራት ሰዎች፣ «እኔ ገብቼላችኋለሁ፤ እናንተ ፈርሙ» ስትላቸው ተሰልፈው ፈረሙ። እኔ ሦስት ወር በጋሪ እየዞርኩ ስጮህ ያልነቃውን ሰው፣ እሷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ!

አምባቸው፦ ጀግና ናት በለኛ! አንቂ ማለት እሷ ናት፤ አንተማ ካርድ ነህ። ለመሆኑ ባል የላትም?

ጥጋቡ፦ አላቸው... አላት።

አምባቸው፦ ታዲያ የት ሄዶ ነው?

ጥጋቡ፦ ቁጭ ብሎ ወሬ ያወራል።

አምባቸው፦ ሚስቱ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ?

ጥጋቡ፦ እሷ ቆሎ እየበላች፣ እሱ ምሳዬ ቀረ እያለ።

አምባቸው፦ ኧረ የወንድ አልጫ! የኛ እድር አባል ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ስሙን ከመዝገብ እሰርዘው ነበር!

ጥጋቡ፦ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ምናልባት አልሰማ ይሆናል።

አምባቸው፦ ሰፈር ሙሉ ጉድጓድ ከቦ ሲንጫጫ እንዴት አይሰማም? አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም! እንዲህ ያለውን ሰው አንገቱን አንቆ ማንቃት ነው!

ጥጋቡ፦ አንቆ ማንቃት! አዩ፣ ጸሐፊው አልተሳሳተም ማለት ነው። ካርዴን አላስቀይርም።

አምባቸው፦ ቀልዱን ተወውና፣ ዓይንህ ይቅበዘበዛል። እኔ አንተን ከልጅነትህ አውቅሃለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የፈጠርካት ነገር አለች።

ጥጋቡ፦ አንዲት ብቻ አለች። አልዋሽም።

አምባቸው፦ እንቁላሉ!

ጥጋቡ፦ እንቁላሉ ውጭ ጋሪዬ ላይ ነው፤ ወጥተው ይቁጠሩት። ዘጠኝ።

አምባቸው፦ መሰላሉ!

ጥጋቡ፦ መሰላሉም እውነት ነው። የማዶ ሰፈር ሰው ናት ያልኩትን ነው። እሷን ቃል ብቻ ፈጠርኩ፤ ፈረሴ ይቅር ይበለኝ።

አምባቸው፦ ታዲያ የየት ናት?

ጥጋቡ፦ እጅዎን ይዘርጉ።

አምባቸው፦ ምንድነው እሱ? ቁልፍ? ይኼ እኮ የሳጥኔ... አንተ! ዘርፌ?

ጥጋቡ፦ ደህና ናቸው፤ ከቅርጫቱ ጋር በገመድ ነው ቁልፉን የላኩልዎት።

አምባቸው፦ አንተ አናቂ! መሰላል! ኧረ መሰላል አምጡ!

ጥጋቡ፦ መሰላሉማ እትዬ ጋ ነው ጋሼ፤ የሚወጣውም ማኅተሙ ሲገባ ነው። አሁን ሳጥኑን ይክፈቱ፤ ከመዝገብ የሚሰረዘውን ሰው ስም በኋላ ረጋ ብለን እንጽፋለን።