ስኳር ወረፋ ላይ የዞረብኝ ቀን

ጉዳዩ የሦስት ኪሎ ስኳር ነው። ያ ካለፈኝ ልጆቼ እስከሚቀጥለው ወር ሻይ ያለ ስኳር ሊጠጡ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው የቀበሌያችን ሱቅ ወረፋ ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። የደም ግፊት ኪኒን ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ነበር። ስሜ ሲጠራ ብድግ ከማለቴ ዓይኔ ጭልም አለብኝ፤ ተንገዳግጄ ባንኮኒው ላይ ተደፋሁ።

«ጋሼ፣ በጠዋቱ? ለሰካራም አንሸጥም!» አለ ሻጩ።

ከኋላዬ የተሰለፉት ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ጮኹበት። «የምን ስካር? ወንድሜንም የግፊት ኪኒኑ ከመቀመጫው ሲነሳ ያዞረዋል!» ወደ እኔም ዞረው «አንተም ቀስ ብለህ ተነሳ እንጂ!» አሉኝ።

ሻጩ አላመነም። «እስቲ ይተንፍሱ!» አለኝ።

ተነፈስኩለት። ለግፊት ፍቱን ነው ስላሉኝ ኪኒኑን የምውጠው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አኝኬ ነበር። ሻጩ አፍንጫውን ይዞ ከኋላው ወዳሉት መዛኞች ሸሸ። «መዝኑላቸው! ቶሎ መዝኑላቸውና ይሂዱልኝ!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የአራዳ ልጆች «ጋሽ ነጭ ሽንኩርት» ይሉኝ ጀመር። ያኔ ስኳር አትርፌ ስሜን ከሰርኩ ብዬ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ስኳሩ በየሱቁ አለ፤ በዚያ ስም የሚጠራኝ ግን አንድ ሰው እንኳ አልቀረም። ለካ ትርፌ ስሙ ኖሯል።