ሁዳዴን የሚጠብቁት ኮምፒውተሮች

ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚሄደው ሚኒባስ ስገባ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንዱ ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፤ የወተት አምራቾች ማኅበራችንን ኮምፒውተሮች ከተገዙበት ቀን ጀምሮ የሚጠብቁ ሽማግሌ። ሌላዋ በቅርቡ ተመርቃ በማኅበሩ የተቀጠረችው ፌኔት ናት። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የሰው ክርክር ካጋጠመኝ አላልፍም። ከኋላቸው ተቀምጬ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሚሠራ ማሽን ለምን ይነካል?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «እኔ እንደሆነ በየዓመቱ በሁዳዴ ሁሉንም አድሳለሁ። ያኔ ወተት ፈላጊ የለም። ከሰበታ እስከ ጫንጮ ያሉትን ጣቢያዎች ዞሬ በእጄ ነው የማድሰው።» ይህን ሲሉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን፣ ማደሻውን የሚጭኑባትን ፍላሽ ዳበስ አደረጓት።

«ኦቦ፣ ሌባው እኮ ሁዳዴን አይጠብቅም» አለች ፌኔት በትሕትና። «ኮምፒውተሩ በሚነሳበት ዋና ፕሮግራም ላይ በየጊዜው ቀዳዳ ይገኛል። ሠሪዎቹ መድፈኛውን ይልካሉ፤ እኛ ግን ዓመት ሙሉ በሩን ከፍተን እንተኛለን። ሰበታ ደግሞ አምና መንገድ ተዘግቶ አልደረሱም። አንዱ ከተበከለ ለሁሉም ይተርፋል፤ ያን ቀን የማንም ወተት አይመዘገብም።»

«ወርቅቱስ? የሷን ነገር አልነገሩሽም?»

ፌኔት አንገቷን ደፋች። ነገሩን በማኅበሩ የማያውቅ የለም። የጫንጮው ኮምፒውተር አንድ ጊዜ በገዛ ራሱ መታደስ የጀመረው ገበሬው ወተት ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት ነበር። ወተት ተመርምሮ ካልተመዘገበ ቦቴው አይጭንም። ቦቴው ጥሎ ሄደ፤ በአንዲት ላም ልጆቿን የምታሳድገው አዴ ወርቅቱም ወተቷን ቦይ ውስጥ ደፋች። ኦቦ ዲሪርሳ ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ራሳቸውን እንዳያድሱ ዘጉባቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

«ነግረውኛል» አለች ፌኔት። «ያኔ ግን ሰዓቱን የመረጠው ማሽኑ ነው። አሁን ከአንድ ቦታ በኔትወርክ እየላክን ሰዓቱን እኛ እንመርጥለታለን። መጀመሪያ አንዱ ላይ ብቻ ይሞከራል፤ ደህና ከሆነ ወደሌሎቹ ያልፋል። ካልሆነለት ወደነበረበት ይመለሳል። ቦርዱ ዛሬ ጫንጮ ላይ ሞክሩት ያለን ለዚህ ነው።»

«የከሰዓቱ ወተት ሳይገባ ቢቀርስ? ሴትዮዋን አንቺ ታናግሪያታለሽ?»

«አናግራታለሁ።»

አነጋገሯ ድፍረት ይሁን የልጅነት ነገር መለየት አቃተኝ። ጉዳዬን ትቼ ተከተልኳቸው።

የጠዋቱ ርክክብ ስላበቃ የጫንጮው የወተት መረከቢያ ጣቢያ ጭር ብሏል። ፌኔት ከላፕቶፗ ላይ ትእዛዙን ሰጠች፤ ኮምፒውተሩም ሥራውን ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ። መጠባበቂያው ባትሪ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

«ይኸው!» ኦቦ ዲሪርሳ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይኸው እንግዲህ!»

ፌኔት ፊቷ አመድ መሰለ። ዘበኛው ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ እየታገለ ሳለ ገበሬዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ ከሁሉም ፊት አዴ ወርቅቱ ጀሪካኗን ታቅፋ ቆማለች። ጥቁሩን ስክሪን በመስኮት አየችው።

«ኦቦ፣ ዛሬም ነው?» አለች ቀስ ብላ። ኦቦ ዲሪርሳ ዘበኛውን ሊያግዙ ወጡ። እኔ ዐይኗን ማየት ከበደኝ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ቦቴው በር ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። ስክሪኑ በራና የተጀመረው ሥራ እየተሰረዘ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። በመጨረሻ የድሮው ገጽ፣ ሁላችንም የምናውቀው፣ ብቅ አለ። የአዴ ወርቅቱ ወተት ተመርምሮ ተመዘገበ፤ ቦቴውም ጫነ። እሷም ባዶ ጀሪካኗን እያወዛወዘች ሄደች።

«አልተሳካም እኮ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«አዎ፣ አልተሳካም። ይህን ግን ይዩ።» ፌኔት ላፕቶፗን አዞረችላቸው። «የጫንጮው ስላልሆነለት ሌሎቹ ጣቢያዎች፣ ቡራዩና ሰበታ፣ ሳይነኩ ቆመዋል። እኔ አሁን አላዘዝኩም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ደንብ ነው ያስቆማቸው።»

ሽማግሌው ፍላሻቸውን በጣታቸው አሻሹ። «የኔዋ አሮጌውን አጥፍታ ነው አዲሱን የምትጭነው» አሉ። «መሀል ላይ መብራት ቢጠፋባት መመለሻ የላትም። እስካሁን ያተረፈኝ እግዜር ነው።» ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «ግን ባትሪው ሳይፈተሽ እንዳይጀምር አድርጊ! ረቡዕና ዓርብ ቦቴው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ቀኑም እሱ ይሁን» አሉ።

«እጽፈዋለሁ፣ ኦቦ። ይህን እኔ ከየት አውቀው ነበር?»

ባትሪው ተቀይሮ በተከታዩ ረቡዕ ሥራው ተሳካ፤ ቡራዩም ሰበታም ተከተሉ። ዛሬ ቀዳዳ ሲገኝ በቀናት ውስጥ ይደፈናል፤ መንገድ ቢዘጋም የሚረሳ ጣቢያ የለም፤ ገበሬውም ወተቱን አስረክቦ ከመሄድ በቀር ስለማሽኑ የሚያስበው ነገር የለውም። ወጣቷ ዘዴውን አመጣች፤ ሽማግሌው ደግሞ የሚፈሩትን ሁሉ ነገሯትና ደንብ አደረገችው። ሁለቱ ባይሰማሙ ኖሮ ዘዴውም ፍርሃቱም ብቻውን አይጠቅመንም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ኦቦ ዲሪርሳን ሱሉልታ አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ ማተባቸው ብቻ ቀርቷል።

«ዘንድሮ ሰበታ አልወረዱም?» አልኳቸው።

«ምን ልሠራ?» አሉ። «ልጅቷን በሁዳዴ ምን ልሥራ ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ይጹሙ!›»